የአረቄ ዘመዶች

ማንኩሳ ሲባል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው የበዛብህን አገር ያስባል። እኔ እዚያው፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ስላደግሁ ቀድሞ የሚታየኝ የእናቴ ጓዳ ነው። እናቴ አረቄ እያወጣች ነው ያስተማረችን፤ የደብተሩም የዩኒፎርሙም ገንዘብ በመለኪያ እየተቀዳ ከተሸጠ አረቄ የመጣ ነው። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስሁ ቤሩት ሄጄ በሰው ቤት ሠራሁ። ዐረብኛውን ከወጥ ቤት ጀምሬ እስከ ጋዜጣ እዚያው ለመድሁት፤ ዛሬ ባሕር ዳር ሆኜ የምተዳደረው በትርጉም ነው። «አረቄ» የሚለው ቃል በደረስሁበት ሁሉ ቀድሞኝ ደርሶ፣ አንዳንዴ መልኩን ለውጦ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆኖ ሲጠብቀኝ ኖሯል። እሱን ስከታተል የለቀምኋቸውን እንደመጡልኝ እጽፋለሁ።

1. ቃሉ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ነገሩ ሲሠራ ማየት

ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ግን «ይወጣል»። አማርኛችን ሦስቱን ለይቶ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም።

የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ከዳጉሳ፣ አንዳንዴም ከበቆሎ ዱቄት ቂጣ ይጋገርና ተቆራርሶ ይገባበታል፤ የግብጦ አረቄ የሚያወጣም አለ። ድፍድፉ ሰንብቶ ሲደርስ ወደ ማሰሮ ይገለበጣል። አፉ ይከደናል፤ መጋጠሚያው ትንፋሽ እንዳያመልጥ በጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ የተሰካው መቃ አዘቅዝቆ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተነከረው መቀበያ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእሳቱ ነው። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይመጣና የደከሙበት ይበላሻል፤ ከላላ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንጨቱን አንዴ ገፋ፣ አንዴ ሳብ ታደርጋለች። መቀበያው የተቀመጠበት ውሃ ለብ ሲል ቀድታ ታፈሰውና ሌላ ቀዝቃዛ ትሞላለች። መጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛው ነው፤ ጥቂቱን እሳቱ ላይ ጠብ አድርጋ ቦግ ሲል ካየች አትናገርም፣ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። እየቆየ ውሃ ውሃ ሲል ይቆማል። የወጣውን መልሶ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ እንደገና ማውጣትም አለ፤ እሱ ዳግም ይባላል፤ ዋጋውም ጉሮሮ ላይ ያለው ስሜትም ሌላ ነው። አተላው ለከብት ነው።

ዐረቦች «ዐረቅ» የሚሉት ላብን ነው። መጠጡን በዚያ ስም የጠሩት ሰዎች ያዩት እናቴ በየሳምንቱ የምታየውን ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ያልበዋል፣ ላቡ ይጠራቀማል፣ ይንጠባጠባል። ይህን ለመረዳት ዐረብኛ ማወቅም አያስፈልግ። እንጀራ ሲጋገር አክምባሎው ሥር የሚቋጥረውን ጠብታ «ላቦት» አይደል የምንለው? እኛም ከላብ ነው ያወጣነው። አረቄ በዐረብኛ ላብ ማለት ነው ብዬ ብነግራት እናቴ «የማን ላብ?» አለችኝ፤ እስካሁን መልስ አላዘጋጀሁላትም።

እንግዲህ ስሙ ስለ እህሉም ስለ ጣዕሙም የሚናገረው የለም፤ የሚናገረው ስለ አወጣጡ ነው። በኋላ ከየአገሩ የገጠመኝን ግራ መጋባት ሁሉ የፈታልኝ ይህ ነው። ማሰሮ፣ እሳትና ቀዝቃዛ ውሃ እስካለ ድረስ ማንም በየደጁ ያበቀለውን ከትቶ በዚያው ስም ሊጠራው ይችላል፤ ጠራውም።

2. ጆሮን ብቻ አለማመን

ቤሩት ስደርስ ቃሉ ቃሉን አልመሰለኝም። የከተማው ሰው ቃፍን አጥርቶ አይጠራትም፣ ጉሮሮው ላይ ቆርጦ ያስቀራታል፤ «ዓረእ» ሲሉ የእናቴ አረቄ የት ትዝ ይለኛል! እሑድ እሑድ አሠሪዬ ማዳም ዘመድ ስትጋብዝ ጠርሙሱን የማወጣው እኔ ነበርሁ። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፦ አንድ እጅ መጠጥ፣ ሁለት እጅ ውሃ፣ በረዶው መጨረሻ። በረዶው ከቀደመ ላዩ ላይ ስስ ነገር ይጋግራል፣ እንግዳውም ያኮርፋል። ብርጭቆው ባለቀ ቁጥር በንጹሕ መለወጥ አለበት፤ አጣቢዋ ማን እንደሆነች መናገር አያሻም። ከወይን የሚወጣ ነው፤ ያንሱን የሚሉት፣ ሽታው እንስላልን የሚያስታውስ ቅመም ይገባበታል። የቅመሙ ዘይት አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ ውሃው እንደነካው ነጭ ይሆናል። የእናቴ አረቄ ውሃ ቢጨመርበት ውሃ ከመሆን በቀር የሚያሳየው ተአምር የለም።

ፊደሉን ከለየሁ በኋላ አንድ ቀን ጠርሙሱን ስወለውል ጽሑፉን አነበብሁት። ዐይን፣ ራ፣ ቃፍ። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ቃልን የምለየው በተነባቢዎቹ ነው። ወንድሜ ለአጨዳ ገዳሪፍ በከረመበት ዘመን «ዐረጊ» የሚባል አለ ሲለኝ ግር አላለኝም፤ ሱዳኖች ቃፍን ወደ ገ ያቀርቧታል፣ ነገሩም በአብዛኛው ከቴምር የሚወጣ አረቄ ነው። ትግርኛ «ዓረቂ» ይላል፣ ዐይኑንም ቀውንም ሳይጥል። ቱርኮች መጀመሪያውን ቆርጠው «ራኪ» አሉት፤ ከእነሱም ወደ ባልካን ወርዶ ሰርቦችና ቡልጋሮች ዘንድ «ራኪያ» ሆነ። መጨረሻ ላይ የምትሰማው ኢ የመጣችው «ዐረቂ» ከሚለው፣ «የላብ፣ ላባዊ» እንደማለት ካለው ቅርጽ ነው፤ የኛ ኤም የእሷ ልጅ ትመስለኛለች። ቤሩቶች ጅራቱን፣ ቱርኮች ራሱን ጣሉ፤ ሙሉውን ከያዙት መካከል ጎጃም አለ ብል ትምክህት አይሁንብኝ።

3. «ከምን የወጣ?» ብሎ መጠየቅ

ቤሩት ውስጥ ዶራ የሚባል ሰፈር አለ። እሑድ የምታስወጣ ማዳም የገጠማት የቤት ሠራተኛ ሁሉ እዚያ ትገናኛለች። የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ የፊሊፒንሱ ሱቅ፣ የስሪላንካው ቅመም፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ጸጉር ቤቱ አንድ ላይ ተጨናንቀዋል። የጋራ ቋንቋችን የወጥ ቤት ዐረብኛ ነበር፤ ሁሉም ነገር በትእዛዝ አንቀጽ የሚነገርበት ዐረብኛ። ማዳሞቻችን ያናገሩን በዚያ ነዋ።

አንድ እሑድ ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ወሬው ወደየአገራችን መጠጥ ሄደ። ስሪላንካዊቷ «አራኩ» አለች። የኮኮናት አበባው ገና ሳይፈነዳ ተቀጥቶ ከሚያነባው ፈሳሽ ነው የሚወጣው፤ ፈሳሹን የሚለቅሙት ወንዶች ከዛፍ ዛፍ በተዘረጋ ገመድ ላይ እየሄዱ ነው ብላ በሁለት ጣቷ ሲራመዱ አሳየችን። አጎቷ ከገመዱ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ መሆኑንም ጨመረች፣ እየሳቀች። ፊሊፒናዊቷ ደግሞ በእነሱ «አላክ» ነው አለች። ራ ወደ ላ ዞራለች፤ ትርጉሙም ሰፍቶ የሚያሰክር መጠጥ ሁሉ ሆኗል፣ ከምንም ይሁን ከምን። ተራው ሲደርሰኝ ዳጉሳን ለማስረዳት የወጥ ቤት ዐረብኛዬ አልበቃኝም። «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ቀይ፣ ዶሮ ይበላል» ብዬ ጨረስሁ። ሁለቱም ከዶሮ መኖ መጠጥ እንደምናወጣ ተረድተው በጣም አዘኑልን።

ሦስታችንም የየራሳችን ዋናው፣ የሌላው ቅጂ መስሎን ነበር። ያን ቀን ከተማርሁት ውስጥ እስካሁን የሚያገለግለኝ፣ አንድ ሰው አረቄ ወይም ዘመዱን ሲጠራ «ከምን የወጣ?» የሚለው ጥያቄ ከቃሉ ትርጉም እንደሚቀድም ነው። ሞንጎሎች «አርኺ» ይላሉ፤ የቆየው ዓይነት ከረጋ ወተት የሚወጣ ነው። የወተት አረቄ! ጎጃም ውስጥ ይህን ብናገር መጀመሪያ ላሟ ታሳዝናቸዋለች። ባታቪያ ይባል ከነበረው የዛሬው ጃካርታ የሚመጣው አራክ ከሸንኮራ ዝቃጭና ከሩዝ ነበር፤ ስዊድኖች በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ እየጫኑ ወስደው «ፑንሽ» የሚሉትን ጣፋጭ መጠጥ ሠርተውበታል። ኢራን ደግሞ «ዐረቄ ነዕና» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት የናና ውሃ ነው። በእንፋሎት የወጣ፣ ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣ፣ አልኮል የሌለበት፤ ሕፃን ልጅም ይጠጣዋል። የፋርስ ሰዎች ቃሉን በመጀመሪያ ትርጉሙ ስለያዙት ከቅጠልም ከአበባም ጠብ እያለ የወጣ ሁሉ ዐረቅ ነው፤ የሰው ላብም እንዲሁ።

4. ቃል ከጦርም ጋር ይሄዳል

ሞንጎሎች ባግዳድን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1258 ነው፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ኮሪያንም አስገብረዋል። አወጣጡ ከእነሱ ጋር ወደ ምሥራቅ እንደተሻገረ የሚያሳየው ኬሶንግ በምትባል የኮሪያ ከተማ አካባቢ ሶጁ የተባለውን የአገሩን መጠጥ «አራክጁ» የሚሉት ሰዎች መኖራቸው ነው። ኬሶንግ ለኛ ሩቅ ስም አይደለችም። ለኮሪያው ጦርነት የዘመተው የኛ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት በ1943 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር፣ የተኩስ ማቆሙ ንግግር የተከፈተው እዚያ ነበር። የአረቄ ስም ወታደሮቻችንን ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቀድሟቸዋል።

5. ድምፁ የገጠመ ሁሉ ዘመድ አይደለም

አገር ቤት የተቃቃሩ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲታረቁ መጠጥ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም አረቄ ነው። ስለዚህ «አረቄ የመጣው ዕርቅ ከሚለው ነው» የሚል ሰው ሲነሳ ወሬው ይጥማል። ከፍኖተ ሰላም በተነሳ ሚኒባስ ውስጥ እንዲህ ሲተረክ ሰምቻለሁ፤ ተሳፋሪው በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል።

ዕርቅ የግእዝ ነው። ዕርቃንም፣ ራቁት መሆን፣ በእነዚያው ፊደሎች ይጻፋል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን አረቄ የዕርቃንም ዘመድ ሊሆን ነው፤ ለዚህኛው ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት አይጠፋም። ኢራቅን የሚጨምርም አለ፤ እሷም በዐረብኛ ዐይን፣ ራ፣ ቃፍ ናት።

እኔ የምይዘው መለኪያ ቀላል ነው፦ ድምፁም፣ ነገሩም፣ የመጣበት መንገድም ሦስቱ ሲገጥሙ ብቻ ዘመድ እላለሁ። ዓረቂ፣ ዐረጊ፣ ራኪ፣ አራኩ ሁሉም እሳት ላይ ተቀምጦ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ናቸው፤ በመካከላቸውም ነጋዴ፣ ወታደርና ሐጂ የሄደበት መንገድ አለ። ዕርቅ ከአረቄ ጋር የሚጋራው የሽማግሌዎቹን መለኪያ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥንቃቄ ለአገር ስምም ይሠራል። ፍኖተ ሰላም የሚለውን ጥርት ያለ ግእዝ ሰምቶ ከተማዋ በስሙ ዕድሜ ልክ የቆየች የሚመስለው አለ። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነው፤ የዛሬውን ያገኘችው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ጥንታዊ ቋንቋ ለአዲስ ስም መዋሉ እንግዳ ነገር አይደለም።

6. ኩልና አልኮል

ይኼ አጭር ነው፤ ግን ለሴቶች ማኅበር ሳወራው የሚያህል ሌላ ወሬ የለኝም። ዓይናችንን የምንኳለው ኩልና አልኮል አንድ ቃል ናቸው። «አል-ኩሕል» በዐረብኛ ኩሉ ነው፣ ከማዕድን ተፈጭቶ የላመው ዱቄት። አውሮፓውያን ቃሉን ወስደው መጀመሪያ ለላመ ዱቄት ሁሉ፣ ቀጥሎ ለማንኛውም ነገር ንጥር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ለወይን ንጥር አዋሉት። ወደኛ ተመልሶ ሲመጣ ዘመዱን ኩልን አላወቃትም፤ እሷ ቀድማ በግእዝ ገብታ ነበርና።

7. አናባቢ የሌለው ጽሑፍ ሲገጥም በሽተኛውን መጠየቅ

ዐረብኛ ሲጻፍ አናባቢውን ይተዋል። ዐይን፣ ራ፣ ቃፍ ተጽፈው ሲገኙ «ዐረቅ» ከተነበበ ላብ ወይም መጠጡ ነው፤ «ዒርቅ» ከተነበበ የደም ሥር፣ የዛፍ ሥር ወይም የሰው ዘር ነው። አምስት ነገር በአንድ አጻጻፍ።

ከቤሩት ታማ የተመለሰች ልጅ ከእናቷ ጋር ቢሮዬ መጣች። የሐኪም ወረቀት ይዘዋል። ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት፤ ወረቀቱን አንድ ሰው በስልክ ፎቶ አንስቶ በማሽን አስተርጉሞላቸው ኖሮ፣ እናትየው ፊታቸው ተለዋውጧል። የስልኩ ትርጉም «የሴቶች አረቄ» ይላል።

«አንች እቴ፣ ልጀ አረቄ ባፏም ዙሮ አያውቅ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «በሚካኤል! እዚያ አገር ምን አጠጥተዋት ነው?»

ወረቀቱን ሳየው «ዒርቅ አን-ነሳ» ነው። ሐኪሞቹ ከወገብ ተነሥቶ በታፋ አልፎ እስከ እግር ጣት የሚወርደውን የነርቭ ሕመም የሚጠሩበት የቆየ ስም ነው። «ነሳ» የሚለው የነርቩ ስም ሲሆን ለጥድፈኛ ዓይን «ኒሳእ»ን፣ ሴቶችን ይመስላል። ልጅቱን ሕመሙ የት እንደሆነ ጠየቅኋት። ተነሥታ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጣቷ መሥመር ሠራችልኝ። ምንጣፍና የጋዝ ሲሊንደር ስታመላልስ የኖረች ናት። እናትየው ነገሩ ወገብ መሆኑን ሲሰሙ «እሰይ!» ብለው ተቀመጡ፤ ልጅቱ ግን እሰይ የሚያሰኝ ነገር አልታያትም።

ሌላው የሚያሳስበኝ «ተዐሩቅ ለይሊ» ነው። የሌሊት ላብ ማለት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል ከሚጠቁሙት ምልክቶች አንዱ። ይህን የሌሊት ጠጪነት አድርጎ የሚያወጣ ትርጉም ቀልድ አይደለም፤ ሕክምናውን ያዘገያል።

8. በአንድ ስም አንዱ ይሸለማል፣ አንዱ ይገረፋል

ሰርቢያ ከፕለም የሚወጣውን «ሽሊቮቪጻ» የተባለ ራኪያዋን፣ ከነአወጣጡና ከነወጉ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት አስመዝግባለች። ባሊ የአገሬው አራክ በሕጋዊ መንገድ እንዲመረትና እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ደንብ አወጣች። ሱዳን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የሸሪዓ ሕግ ከታወጀ በኋላ ዐረጊ የምታወጣ ሴት ዕጣዋ ጅራፍና እስር ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙዎቹም ከጦርነት የሸሹ፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው እናቶች ናቸው። ነገሩ ያው ማሰሮ፣ ያው እሳት ነው።

በኛ ቤት ዱላው ምላስ ነው። በአማርኛ «አረቄያም» ስድብ ነው፤ «ቢራያም» ወይም «ውስኪያም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የጠርሙሱ ዋጋ ከፍ ሲል ስድቡ ይቀራል። «የአረቄ ሻጭ ልጅ» ተብዬ አድጌያለሁ፤ የሚሉኝም ልጆች አባቶቻቸው ጠዋት ጠዋት ብርድ ለመስበር እኛ ቤት መለኪያ የሚጨብጡ ነበሩ። አረቄ ቤት ያፈርሳል፣ አይቻለሁ፣ ጠጪውን ላባብል አልሞክርም። ከማንኩሳ እስከ ደምበጫ ባለው መንገድ ዳር ግን በአረቄ ገንዘብ ተምሮ ነርስና መምህር የሆነው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

9. በላብ መማል

ዐረብኛ «ብዓረእ ጅቢኔ» የሚል አነጋገር አለው፤ በግንባሬ ላብ ማለት ነው። የማዳም ባል በስልክ ስለ ንግዱ ሲያወራ ደጋግሞ ይለዋል። እኔ «ላቤን ጠብ አድርጌ» ስል ካደግሁት ጋር በልክ የገጠመ ስለነበር ለመያዝ አልተቸገርሁም።

ደመወዜ ሲዘገይ፣ ቀጥሎም ጭራሽ ሲረሳ፣ መጀመሪያ በወጥ ቤት ዐረብኛዬ «ገንዘብ ስጪኝ» አልሁ። መልሱ «ነገ» ነበር። ነገ ሲደጋገም ባልና ሚስቱ እራት ላይ እያሉ ቆሜ፣ ገንዘቤ ብዓረእ ጅቢኔ ነው፣ እናቴ ትጠብቃለች አልሁ። ጠረጴዛው ላይ ያ ነጭ መጠጥ ቀርቧል። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ማዳም ወደ ሰሐኗ አቀረቀረች። እንዲህ ያለ ቃል ከእኔ አፍ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። ሙሉው ባይሆንም ገንዘቡ በዚያው ሳምንት መጣ። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ምን እንማር ብለው ሲጠይቁኝ ከ«እሺ» እና ከ«ይቅርታ» ቀድሜ ይችን አስጠናቸዋለሁ።

10. ሲጻፍ

«አረቄ» በአልፋው አ ወይስ በዐይኑ ዐ? ሥሩን የሚከተል «ዐረቄ» ብሎ ይጽፋል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን መዝገበ ቃላት ርእሱን እንኳ «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ እንደጻፉት ሁሉ፣ ለሥር የሚጠነቀቅ ሰው ምክንያት አለው። እኔ ግን በአልፋው እጽፋለሁ፤ እናቴ ደጃፍ ላይ በከሰል የተጻፈው እንደዚያ ነበር፣ ጠጪም ተሳስቶ አላለፈም።

ትርጉም ላይ የሊባኖሱን «ዓረቅ»፣ የቱርኩን «ራኪ» ብዬ እተወዋለሁ። «አረቄ» ብዬ ብጽፈው አንባቢው ዳጉሳና ጌሾ ያስባል። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ቃሉን ሰፋ አድርገው ነው የያዙት፤ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ሲባል ጂኑም ኡዞውም ኮኛኩም «አረቄ» ውስጥ ገብቷል፣ ፊሊፒናዊቷ ጓደኛዬ «አላክ» እንዳለችው። ስለዚህ የንግድ ወረቀት ሲሆን እኔም ሰፋ አደርገዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። የሊባኖስ የንግድ ወረቀቶች «መሽሩባት ሩሒያ» የሚል ሐረግ ይጠቀማሉ። «ሩሕ» መንፈስ ነው፤ ከወይኑ ተለይቶ የወጣውን የወይኑ መንፈስ ብለው ስላሰቡት ነው፣ አውሮፓውያኑም እንዲሁ ያስባሉ። በአማርኛ «የአልኮል መጠጦች» ማለት ይበቃል። አንድ ጀማሪ ቃል በቃል «መንፈሳዊ መጠጦች፣ 40 ካርቶን» ብሎ ያወጣው ወረቀት እጄ ገብቷል፤ ዕቃውን ሊቀበል የመጣው ሰውዬ የጉምሩክ ሠራተኛው «ጠበል ነው?» ብሎ ሲጠይቀው አዎ ልበል አይ ልበል ብሎ ግራ ገብቶት ነበር።